አረቄ የነካው ክንድ

ማክሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 1964 ዓ.ም.

ዛሬም ምንም የለም። የልጅ ልጄን ትርንጎን በራፉ ላይ አቁሜ ክንዷን ወደ ፀሐይ አዙሬ አየሁት። መርፌ የነካው ቦታ ጭራሽ ጠፍቷል። አጉሊ መስተዋቴንም አምጥቼ አየሁ። ከተሰበረ የጣልያን መነጽር ያወጣሁት ነው፤ ጉንዳንን ፌንጣ አሳክሎ ያሳያል። ምንም።

ከታቢው ተስፋዬ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሦስት በአራት ቀን ቀይ ሆኖ ይነሣል፤ ቀጥሎ ውሃ ይቋጥራል፤ ቀጥሎ መግል፣ በመጨረሻም ቅርፊት። ይህ ካልሆነ ክትባቱ አልያዘም ማለት ነው፤ ፈንጣጣ ቢመጣ ልጅቱን የሚያስጥላት ነገር የለም። ፈንጣጣ ምን እንደሆነ ለእኔ ማንም አይነግረኝም። ፊቴን በእጄ ስዳስስ አገኘዋለሁ። ወንድሜን ደግሞ ፊት የሚዳስስበት ዕድሜ ሳይደርስ ወስዶታል።

የተከተቡት ባለፈው ዓርብ ነው፤ በቃና ዘገሊላ፣ ሕዝቡ ታቦት አስገብቶ ሲመለስ። ተስፋዬ ጎንደሬ ነው፤ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ። መንግሥት ከሰቆጣ በበቅሎ ላከው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ወይራው ሥር ተቀምጦ፣ ጫፏ ሁለት የሆነች መርፌ ከጠርሙስ እየነከረ ክንድ ላይ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። በቃ። ማጽዳት የለም። አፈር የለበሰ ክንድ፣ ቅቤ የጠጣ ክንድ፣ እንዲያው ይወጋዋል።

እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ደሴ ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳለ እግሬ ሊቆረጥ ነበር። ያተረፈኝ አስታማሚ ቁስሌን ከመንካቱ በፊት እጁንም እግሬንም በአልኮል ይጠርግ ነበር። በዓይን የማይታይ ተውሳክ አለ፣ አልኮል ይገድለዋል፣ ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። ይኸው በዚያ እግር እሄዳለሁ። ይህን ለተስፋዬ ነገርኩት። አያስፈልግም አለኝ። ለምን አልኩት።

«እንዲህ ብለው ነው ያስተማሩን፣ አባት።»

ይህ መልስ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ መልስ ሰልችቶኛል። መብረቁ ታይቶ ነጎድጓዱ ለምን ይዘገያል? ደሃና ደጋው ላይ ውሃ ቶሎ እየፈላ ባቄላው ለምን አይበስልም? ሰማዩ ጥርት ያለ ሌሊት ውርጩ ለምን ይብሳል? ቄሱን ስጠይቅ እግዜር ያውቃል፤ የወረዳውን ጸሐፊ ስጠይቅ የተማረ ያውቃል። ጥቂቱን ያገኘሁት አንድ መምህር ጥሎልኝ ከሄደው አሮጌ የሳይንስ መጽሐፍ ብቻዬን ቆፍሬ ነው።

ስለዚህ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ዳግም አረቄ ይዤ አጥሩ መታጠፊያ ላይ ቆምኩ። በእሳት ፈትኜዋለሁ፤ ሰማያዊ ነበልባል ይሰጣል። ወደ ተስፋዬ የሚሄደውን ሁሉ ክንዱን ጠረግሁ። ተወግቶ ሲመለስም የተወጋውን ቦታ አረቄ በጠጣ ጥጥ ደህና አድርጌ አሸሁለት። ተስፋዬ ከመታጠፊያው ወዲያ ስለነበር አላየኝም። እምቢ ያለችኝ የሸማኔው የሰይድ ሚስት ዘሃራ ብቻ ናት። አረቄ የልጆቼን ገላ አይነካም ብላ ሁለቱን ይዛ አለፈች። ድንቁርና ነው አልኳት፣ በሰው ፊት።

እንግዲህ የእኔ ሥራ ጉድለት የለውም። መድኃኒቱ በፀሐይ ሲመጣ ተበላሽቶ ነው። ማታ ይህንኑ ለልጄ ለለምለም ነገርኳት።

«ታዲያ የዘሃራ ልጆች ክንድ ለምን ቀላ?» አለችኝ።

እኔ ሳላይ አላምንም አልኳት።

ረቡዕ፣ ጥር 17

ክንድ ሳይ ዋልኩ። ከቤት ቤት። ሰውም አሾፈብኝ። አንዷማ፣ «አያ ጸጋው፣ ዛሬ ደግሞ ክንድ ሊገዙ ነው? የኔ ከስቷል» አለችኝ። አልመለስኩላትም፤ እጅጌሽን ሰብስቢ አልኳት።

ያየሁት ይህ ነው። በጠዋት የተከተቡት፣ ምንም። የኔ አረቄ እኩለ ቀን ላይ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የላይ ሰፈር ልጆች ሁሉ ምስር የሚያህል ቀይ ነገር ክንዳቸው ላይ አለ። የጠዋቱ የተስፋዬ ጠርሙስ ብልሽት፣ የከሰዓቱ ደህና ነበር አልኩ። ደስም አለኝ፤ መልካም ምክንያት ነው።

ዘሃራ ቤት እስክገባ ድረስ ነው ደስታዬ።

የዘሃራ ልጆች የተከተቡት ጠዋት ነው። ከትርንጎ ኋላ ነበሩ፤ ልጅቱ ስትወጣ እነሱ ገቡ። ጠርሙሱ አንድ፣ መርፌው አንድ፣ እጁ አንድ። የሁለቱም ክንድ ቀልቷል። ዘሃራ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ቤቴ ገብቼ አሰብኩ። እስላም ስለሆኑ? ገላ ገላ ነው። ምግባቸው? እኛም እነሱም ያንኑ የገብስ እንጀራ ነው የምንበላው። የቀረ አንድ ነገር አለ። መጻፍ አልፈለግሁም። እጽፈዋለሁ፤ አረቄው ነው።

ግን እንዴት? አረቄ ተውሳክ ይገድላል እንጂ መድኃኒት ይገድላል እንዴ? የሚሞት እኮ ሕይወት ያለው ነው። የወባ ኪኒን በአረቄ ቢዋጥ አይሞትም፤ ሰውየው ነው የሚሰክር። ስለዚህ አረቄው ሊሆን አይችልም።

ግን ነው።

ለለምለም አልነገርኳትም። መጀመሪያ ምክንያቱን ልወቅ።

ሐሙስ፣ ጥር 18

ምክንያቱን የማወቂያ ጊዜ የለም።

ጠዋት ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር አንድ ሰው መጣ። ግቢ አልገባም፤ ከሩቅ ቆሞ በአገው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ጮኸ። ባለፈው ሳምንት እዚያ የለምለም ባል አጎት ሞቶ ነበር። ምች መታው ብለው ነበር የቀበሩት፤ ትኩሳት፣ ከአፍንጫው ደም፣ ከዚያ ሞት። ዛሬ የሟቹ ትንሽ ልጅ ፊቱ፣ እጁና እግሩ ላይ መዳፍ ሳይቀር ሽፍታ ወጥቶበታል። ፈንጣጣ ነው። አባትየውን ምልክቱን ሳያሳይ ነው የገደለው። ለቅሶ የደረሳችሁ ራሳችሁን ጠብቁ ብሎ ሄደ።

ለምለም ሰኞ እዚያ ነበረች። ባሏ ሑመራ ማሽላ አጨዳ ላይ ስለሆነ በእሱ ፈንታ መድረስ ነበረባት። ትርንጎንም ይዛት ሄዳ አደሩ። ትርንጎ ከዚያ ከታመመው ልጅ ጋር በአንድ አጎዛ ላይ ነው የተኛችው።

ለምለም መጀመሪያ አልደነገጠችም። ሰውየው ሲሄድ፣ «እንኳን ተከተበች» አለች። ያኔ ነገርኳት። ክንዶቹን እንዴት እንዳየሁ፣ አረቄው የት እንደነበረና የት እንዳልነበረ፣ ሁሉንም በተራ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«አባዬ፣ ባዶዋን ነው ለቅሶ ቤት ያስገባኋት? ተከትባለች ብዬ እኮ ነው።»

እሷ በልጅነቷ ሰቆጣ ተከትባለች፤ ጠባሳው አላት። እኔን ይዞ ለቆኛል፤ ዳግመኛ አይዘኝም። ከቤታችን ሜዳ ላይ የቀረችው ትርንጎ ብቻ ናት። ገና አራት ዓመቷ ነው።

ተስፋዬ ወደ ደሃና ወጥቷል ይላሉ። ነገ ሳይነጋ እነሣለሁ። ልጅቱ ከቤት እንዳትወጣ፣ ማንም እንዳይገባ አዝዣለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 19፣ ደሃና

እግሬ አብጧል። ይበጥ።

ተስፋዬን ከሰዓት በኋላ በአንድ ጭቃ ሹም ቤት አገኘሁት። መርፌዎቹን በድስት እየቀቀለ ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ከተወጉ በኋላም አሹት?»

«አሸሁ።»

«ሁሉንም?»

«አረቄው እስኪያልቅ።»

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም፤ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እኔም ያልመለሰልኝን ጥያቄ ደገምኩለት። በዚህ ጊዜ መለሰልኝ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሕይወት ያለው ነገር ነው። ቫይረስ ይሉታል። በእኔ መስተዋት ቀርቶ በትልቁ ማጉያም አይታይም፤ ከተውሳክም ያንሳል። የፈንጣጣ ዘመድ ነው፤ ድሮ ከላም የተገኘ ነው ይላሉ፤ በሰው ግን አይጨክንም። ክንድ ላይ ይበቅላል። ሰውነት ይዋጋዋል፣ ውጊያውንም ይማራል። ፈንጣጣው ሲመጣ የተዘጋጀ ሰውነት ያገኘዋል። ክንድ ላይ ካልበቀለ ግን ሰውነት ምንም አልተማረም።

ባለቤቲቱ ለእንግዳ ብላ ቆሎ አቅርባ ነበር። አንድ ፍሬ አንሥቼ አየሁት። ገብስ ነው፤ መልኩም ቅርጹም ገብስ ነው። ቢዘሩት አይበቅልም። እኔ በልጆቹ ክንድ ቆሎ ነው የዘራሁት።

«ይህን ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ?»

«ለእኔ አንድ ቃል። ሕያው ነው ብትለኝ ጠርሙሴን ይዤ ቤቴ እገባ ነበር።»

«እስካሁን ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ አባት» አለ። እውነቱን ነው። ጥፋቱን ግን ለእሱ አላካፍለውም። አያስፈልግም ብሎኝ ነበር።

ስለ ትርንጎ ስነግረው በጣቱ ቆጠረ። ተናገር አልኩት። ሁለቱም በሰውነት ውስጥ ይበቅላሉ፤ ክትባቱ ፈጣን ነው፣ ፈንጣጣው ዝግተኛ ነው። ቶሎ ከተከተበች ክትባቱ ቀድሞ ይደርሳል። ብዙ ቀን ካለፈ ይቀደማል አለ።

«አልፏል?»

«ድንበሩ ላይ ነን። ዋስ ልሆንልዎ አልችልም።»

ነገ እዚህ ለገበያ የሚመጣውን ሰው ሊከትብ ቀጠሮ ነበረው። ልለምነው አፌን ስከፍት ቀደመኝ፤ ፈንጣጣ ገባ ካሉማ ሥራዬ እዚያ ነው አለ። ጭቃ ሹሙ ተቆጣ፣ ሰው ጠርቻለሁ ብሎ። ተስፋዬ ግን አልተበገረም፤ በሳምንት እመለሳለሁ ብሎ ዕቃውን ማሰር ጀመረ። ይህን ልጅ ንቄው ነበር።

ድስቱ ላይ ግን አንድ ነገር ተናግሬዋለሁ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃው ሳይግል ነው የሚፈላው፣ መርፌህ እንደ ባቄላው ጥሬ እንዳይቀር አልኩት። ሳቀ። እናውቃለን፣ ለዚህ ነው ረዥም የምንቀቅለው አለ። ይህንንስ አስተምረውታል።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

ደረስን። እሱ በበቅሎው ላይ አስቀመጠኝ፤ እምቢ ብዬ ነበር፣ መንገድ ያዘገያሉ ሲለኝ ወጣሁ።

ትርንጎ በራፍ ላይ ተከተበች፤ በሌላኛው ክንዷ። አላለቀሰችም። «አያቴ፣ ዛሬ አያጥቡልኝም?» አለችኝ። ለምለም ፊቷን አዞረች። እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆሜ ነበር።

ተስፋዬ የነገረን፦

ከእሷ ጋር እኔና ለምለም ብቻ። ሌላ ሰው ደጃችንን አይረግጥም። እሱ መጥቶ ሳያይ በሩ አይከፈትም።

ትኩሳት ይመጣል። የክትባቱም ትኩሳት አለው፣ የበሽታውም አለው።

የክትባቱ ከሆነ ክንዷ ያብጣል፣ ብብቷ ሥር ንፍፊት ይወጣል።

የበሽታው ከሆነ ራሷንና ወገቧን ያማታል። ከዚያ ትኩሳቱ ይበርዳል፤ የዳነች ይመስላል። ፊቷ ላይ የሚወጣው ያኔ ነው።

የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

እሑድ፣ ጥር 21

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን ከአጥሩ ውጭ፣ ከሁሉም ራቅ ብዬ ቆምኩ። ተስፋዬ እኔ ልንገራቸው ብሎኝ ነበር። አይሆንም አልኩት።

ያን ዕለት ጠዋት የተከተባችሁ፣ ክንዳችሁን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። መድኃኒቱ ደህና ነበር፤ አረቄዬ ገደለው። ማዶ ፈንጣጣ ገብቷል። ዛሬ እንደገና ትከተባላችሁ።

ከወንዶቹ አንዱ፣ «ዛሬስ በምን ሊያሹን ነው፣ አያ ጸጋው?» አለ። ሌላው፣ «ያንን ጠርሙስ ያኔ ቢያጠጡን ኖሮ ለእኛም ለመድኃኒቱም ይሻል ነበር» አለ። ሳቁ። ይሳቁ፤ የሚስቅ ሰው አይሄድም። ያስፈራኝ የማይስቁት ናቸው። አንዲት እናት ልጇን አንሥታ፣ ሁለት ጊዜ የሚወጋ ልጅ የለኝም፣ እናንተ ስትማሩ በኛ አትማሩ ብላ መሄድ ጀመረች። ምን እላታለሁ? እውነት ነው የተናገረችው። መንገዷን አልዘጋሁም። ፊቴን ብቻ ከነጠላዬ ገልጬ፣ ልጅሽ ይህን ይመስላል፣ እሱም ከተረፈ፣ አልኳት። ቆማ ብዙ አየችኝ። ተመለሰች።

ሁሉም ግን አልተመለሱም። ጥቂት ቤቶች በራቸውን ዘጉ። ተስፋዬ ነገ እየዞረ ይለምናቸዋል። እኔ መዞር አልችልም፤ የታጠረ ቤት ሰው ነኝ።

ዘሃራ ልጆቿን ይዛ ዳር ላይ ነበረች። ሰው እየሰማ ጠራኋት።

«ያኔ ያልኩሽን መልሼ ወስጃለሁ።»

«ድንቁርና ያሉኝን?»

«እሱን።»

«ይውሰዱት። እኔም ብሆን ለምን እንደሚጎዳ አላወቅሁም ነበር፤ ሃይማኖቴ ሆኖ ነው» አለች።

ረቡዕ፣ ጥር 24

የነነዌ ጾም ዛሬ ይፈታል። ለምለም ሦስቱንም ቀን ውሃ እንኳ እስከ ማታ አልቀመሰችም።

የትርንጎ ክንድ ላይ ወጣ። ትናንት ጥላ ይሁን ነገር ይሁን አላወቅሁም ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን ቀይ ነው፣ ሲዳሰስም ጠጣር ነው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ያማረ ነገር አላየሁም። ለምለምን ጠራኋት። ጣቷን ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው።

አሁን እሽቅድምድሙ ተጀምሯል ማለት ነው። ማን የት እንደደረሰ ግን አይታይም። አንዱ ክንድ ላይ ነው፤ ሌላው፣ ካለ፣ ውስጥ ነው።

ቤት መዘጋት ለልጅ ከባድ ነው። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን መደብ ላይ ሲሄድ እያየች ማን ነው የሚጎትተው አለችኝ። ማንም አይጎትተውም፣ የምንዞረው እኛ ነን አልኳት። ታዲያ ለምን አልወድቅም አለች። እንስራው ለምን ያልበዋል አለች፤ ውሃው በሸክላው ሾልኮ እየተነነ ነው፣ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ለዚህ ነው የሚቀዘቅዘው አልኳት። እኔም ስተን እቀዘቅዛለሁ? አለች። አዎ አልኩ። ከዚያ ስለ ትኩሳት አሰብኩ።

ዘሃራ ውሃና ሽሮ ድንጋይ ካቡ ላይ እያስቀመጠች ትጠራናለች፤ ስትርቅ እንወስዳለን። ማዶ ያለው ልጅ ትናንት ሞተ ብላ ከሩቅ ነገረችን። ለምለም ሰምታለች። ትርንጎ አልሰማችም።

ቅዳሜ፣ ጥር 27

ትኩሳት።

ከንጋት ጀምሮ። ግንባሯ እንደ ምጣድ ነው። ክንዷ ላይ ያለው ውሃ ቋጥሮ መካከሉ ጎድጉዷል፤ ዙሪያው ቀልቶ አብጧል። ይህ የክትባቱ ነው። ብብቷን ዳሰስኩ። ያለ መሰለኝ። እንደገና ዳሰስኩ፤ የለም መሰለኝ። ለምለም ዳሰሰች፣ አለ አለች። እሷ እንዲኖር ስለፈለገች ይሆናል። እኔም እንደዚያው።

ራስሽን ያምሻል? አልኳት። አዎ አለች። ወገብሽንስ? አዎ። ጉልበትሽንስ? አዎ። ጆሮሽንስ? አዎ አለች። የአራት ዓመት ልጅ ይህን እንዴት ይጠየቃል? ያልኳትን ሁሉ ታምማለች።

ለምለም ጸበል ይምጣላት አለች። አልከለከልኳትም፤ ክንዷን እንዳይነካው ብቻ አልኩ። በእርጥብ ጨርቅ ገላዋን አቀዘቀዝኩላት። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሂድ።

ሰኞ፣ ጥር 29

ትናንት አልጻፍኩም። ትኩሳቱ ትናንትም ነበር፤ ዛሬ ብሷል። እህል አልቀመሰችም። ትቃዣለች፤ አባቷን ትጠራለች። ሑመራ ያለ ሰው ምን ይሰማል?

ንፍፊቱ ግን አለ። አሁን ጥርጥር የለውም፤ የአተር ፍሬ ያህላል። ስነካው ትጮሃለች። ጩኸቷ ደስ አሰኘኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ።

ክትባቱ እንደሠራ ተረድቻለሁ። ቀድሞ ይሁን አይሁን ነው ያልተረዳሁት። ሁለቱ አብረው ቢመጡስ? ይህን ተስፋዬን አልጠየቅሁትም። ጥያቄ የማያልቅብኝ ሰው ይህን አንዱን ረሳሁ።

ለምለም ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አብራኝ ተቀመጠች። በእርስዎ አልተቀየምኩም አላለችም፤ ተቀይሜያለሁም አላለችም። ጨርቁን ከእጄ ወስዳ፣ «አባዬ፣ ጥቂት ጋደም ይበሉ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ። ተጋደምኩ። አልተኛሁም።

ረቡዕ፣ የካቲት 1

ትኩሳቱ በረደ።

ጠዋት ስነካት ቀዝቅዛለች፤ ላብ በላብ ሆና። ለምለም እልል ልትል አፏን ስትከፍት ያዝኳት። ተስፋዬ ያለውን አስታወስኳት። የዳነች ስትመስላችሁ ነው ያለን። እልልታዋን ዋጠች። እንዲህ ያለ ክፉ ነገር በልጄ ላይ አድርጌ አላውቅም፤ ግን ደግሜም አደርገዋለሁ። አለመጠበቅ ምን እንደሚያመጣ አይተናል።

ልጅቱን ወደ መስኮቱ አምጥቼ በቀን ብርሃን አየኋት። ግንባር፣ ንጹሕ። አፍ ውስጥ፣ ምላሷ ነጭ ነው፣ ቁስል የለም። መዳፍ፣ ንጹሕ። ውስጥ እግር፣ ቆሻሻ ነው፤ አጠብኩት፤ ንጹሕ። በየሰዓቱ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ጉንጯ ላይ ቀይ ነጥብ አገኘሁ።

አንድ።

ለለምለም አልነገርኳትም። ትርንጎን ወደ ጥላ አዞርኳት። ከዚያ በመስተዋቱ አየሁት። መካከሉ ላይ የተነከሰ ይመስላል። ቁንጫ ይሆናል። ይሆናል ነው እንጂ ነው አልልም። ፈንጣጣም አንድ ብሎ ነው የሚጀምር።

ለለምለም ማታ ነገርኳት። ከዚህ በኋላ የማውቀውን አልደብቃትም ብዬ።

ሐሙስ፣ የካቲት 2

ነጥቡ ጠፍቷል። ፈንጣጣ አይጠፋም፤ ያድጋል። ቁንጫ ነበር።

ሌላ ነጥብ የለም። ግንባር፣ አፍ፣ መዳፍ፣ ውስጥ እግር፤ ሁሉንም በሙሉ ፀሐይ አየሁ። ክንዷ ላይ ያለው መግል ቋጥሮ ዳሩ መጥቆር ጀምሯል። ያሳክከኛል ትላለች፤ እጇን በጨርቅ አስረንላታል፤ ጨርቁን በጥርሷ ስትፈታ ያዝናት። ገንፎ በላች። ጨመረች።

የማዶውን ሰፈር ተስፋዬ በሙሉ ከትቦታል አሉ። ከኛም ሰፈር ከዘጉት ቤቶች ሁለቱ ከፍተውለታል፤ አንዱ ገና ነው። ያ ቤት እንቅልፍ ይነሣኛል። ተስፋዬ እሑድ ደጃችንን ሊያይ ይመጣል።

ትርንጎ ክንዷን እያየች፣ «አያቴ፣ ውስጥ ያለው አሁንም በሕይወት አለ? ወይስ ገደልኩት?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ይህን ቃል ከእኔ ሰምታ ስለማታውቅ ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ አላውቅም አልኳት። ገደልኩት አለች፣ በራሷ።

በሩን ክፈቱልኝ እያለች ታለቅሳለች። ለምለምም በዓይኗ ትለምነኛለች። እስከ እሑድ አይከፈትም ብያለሁ፤ አይከፈትም። ፀሐይዋ ወደ ማዶ ተራራ እየወረደች ነው። ብርሃኑ ሳይሄድ የትርንጎን ፊት አንድ ጊዜ ደግሜ ልይ።